ጋዎን የለበሰችው ድንች ሻጭ

«ጂሲ» የምትለው ቃል በእኛ ጊዜ የዘመን መቁጠሪያ ነበረች። ከቀኑ ጎን ትቀመጥና «ይኼ የፈረንጁ ነው» ትለን ነበር። ዛሬ ግቢ ገብታችሁ «ጂሲ ነኝ» የሚል ወጣት ብታገኙ ጎርጎርዮስን ያነሣ እንዳይመስላችሁ። ተመራቂ ነኝ ማለቱ ነው። የጂሲ ቲሸርት አለ፤ የጂሲ ኬክ አለ፤ የጂሲ መጽሔት አለ፤ የባህል ልብስ የሚለበስበት ቀን፣ ቀለም የሚረጫጩበት ቀን፣ ምርቃት መቶ ቀን ሲቀረው የሚጨፈርበት ቀን አለ። የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ደግሞ የጂሲ ክሊፕ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስለመጨረሻው ነው።

ክሊፑ መቼም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ተማሪው ከኪሱ አዋጥቶ፣ ራሱ ግጥም ጽፎ፣ ራሱ ዘፍኖ፣ ራሱ ጨፍሮ፣ ራሱ ቀርጾ የሚያወጣው ሥራ ነው። ስፖንሰር ይለምናል፣ ፖስተር ያሳትማል፣ «በቅርብ ቀን» ብሎ ሰው ያጓጓል። አንድ የፊልም ድርጅት የሚሠራውን ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ይሠራል፣ ያውም ፈተና እያጠና። ታዲያ ይህን ያህል ደክሞ ሲያበቃ የሚያገኘው ሒስ ሁለት ዓይነት ነው። ጓደኞቹ «ያበደ ነው!» ይሉታል፤ መምህራኑ «የልጆች ጨዋታ» ይሉታል። ሁለቱም ወገን ሥራውን አላየውም።

ክሊፑ የተሠራው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ሠሪዎቹ የ2015 ዓ.ም. ተመራቂዎች ናቸው። የትኛው ተቋም፣ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሆነ አልናገርም፤ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸውና በጋዜጣ ሒስ ስማቸው እንዲነሣ አልፈልግም። ለእኔ የደረሰኝም ዘግይቶ ነው። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ለዩቲዩብ ታስቦ የተሠራው ክሊፕ በሚሞሪ ካርድና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ኤዲት ያደረገችው ልጅ ናት በኋላ አዲስ አበባ ስትመጣ ከፖስተሩና ከመጽሔቱ ጋር ያመጣችልኝ። «መምህር፣ አይራሩልን፤ እንደ ተማሪ ወረቀት ያርሙት» አለችኝ። እንግዲህ ራሷ ናት የጠየቀችው።

ክሊፑ ከሰማይ ይጀምራል። ካሜራው ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ወደ አንድ ግንብ ይወርዳል፤ ደመናው ይገለጣል፤ ክራር ይሰማል፤ በወርቃማ ፊደል «ደብረ ታቦር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ያምራል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ግንቡ የፋሲል ነው። ጎንደር ከተማ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው! ልጆቹ ድሮን ስላልነበራቸው ከሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ ቆርጠው ነው የቀጠሉት። (የማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል። ግን ተማሪን በአዋጅ ማስፈራራት አልወድም፤ አለፍኩት።)

የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ሲቆረቁሩ የፋሲል ግንብ ከተሠራ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከተማዋ የራሷ ነገር አላት። አፄ ቴዎድሮስ ተቀምጠውባታል፤ አፄ ዮሐንስም መናገሻ አድርገዋታል። ከከተማዋ በቅርብ ርቀት ጋፋት አለ። ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያንን መድፍ ሠሪ ያደረጉበት፣ የአገሩ ልጆችም ሙያውን ከእነሱ እንዲማሩ ያዘዙበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የገባው በ1860 ዓ.ም. ነው። አስቡት እስቲ፤ አስተማሪው ሳይወድ በግዱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት! ከዚያ የወጣው የመመረቂያ ሥራ ደግሞ አገር ምድሩን ተራራ ለተራራ ያስጎተተ። ለምርቃት ክሊፕ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

ይህንኑ ለኤዲተሯ ብነግራት «ጋፋትማ ምን የሚታይ አለው መምህር? ሜዳ ነው እኮ!» አለችኝ። ነገሩ እሱ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ጋዎን የለበሱ አርባ ልጆች ቢቆሙበት ሜዳነቱ ያበቃ ነበር።

ስለ ድሮኑ አንድ ነገር ልጨምር። ክሊፑ ሲሠራ፣ በሰኔ 2015፣ ለእነዚህ ልጆች ድሮን ማለት ለሠርግ ቪዲዮ የሚከራይ ዕቃ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ቃሉን ቀየረው። ዛሬ ጉና ሥር ላለች እናት ድሮን ብትሏት መጀመሪያ የሚታያት ሠርግ አይደለም። ልጆቹ ይህን አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ተመልካቹ ግን ክሊፑን የሚያየው ዛሬ ነው። እኔም ያችን የመጀመሪያ ትዕይንት ደጋግሜ ሳያት የሥራው ጠቅላላ ሕመም እዚያችው ላይ ያለ መሰለኝ። ከላይ ሆኖ ያያል፤ ሰው አይለይም።

ወደ ዘፈኑ እንምጣ። የጎንደርን ምት ይዞ ኪቦርድ ላይ የተሠራ ነው። የዘፋኙ ልጅ ድምፅ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ማሽን ውስጥ አስገብተው ባያልሰልሱት ኖሮ የራሱ የሆነች መሻከር ነበረችው። ግጥሙን ወረቀት ላይ ገልብጬ አየሁት። (የቀድሞ መምህርነት እንዲህ ያለ በሽታ ይተዋል።) ሃያ ሁለት ስንኝ ነው። «ትዝታ» ሰባት ጊዜ፣ «ፍቅር» አምስት ጊዜ፣ «ግቢ» አራት ጊዜ ይመጣሉ። ከእነዚህ ውጭ የሰው ስም የለ፣ የሰፈር ስም የለ፣ የምግብ ስም የለ፣ የቀን ስም የለ። ደብረ ታቦር እንኳ አንድ ጊዜ ናት የተጠራችው፤ እሷን አውጥታችሁ ድሬዳዋን ብታስገቡባት ከቤት መምቻው በቀር የሚበላሽ ነገር አይኖርም። ትዝታ እኮ የሚዘፈነው ለጠፋ ነገር ነው። የጠፋው ነገር መልክ ከሌለው ዘፋኙ ምኑን ነው የሚያስታውሰው?

የሚያስታውሱት አጥተው አይደለም። ይህ ባች ያየውን እስቲ እንቁጠር። ግቢ የገቡት በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነሥቶ ስለነበር ወላጅ ልጁን የሸኘው እየፈራ ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፤ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንትን ተሻግሮ እስከ ጉና ደረሰ፤ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተደበደበች፤ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ተመልሰው ተማሩ። በሐምሌ 2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚባለው በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፤ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ናቸው።

ክሊፑ የተቀረጸው ከፈተናው አንድ ወር በፊት ነው። ስለዚህ ቆባቸውን ወደ ሰማይ የሚወረውሩት ልጆች ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ አያውቁም። ቆቡ በዝግታ ይወጣል፤ በዝግታ መውረድ ይጀምራል፤ ሳያርፍ ክሊፑ ያልቃል። ይህን ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ ነው ያልኩት። «ሆን ብላችሁ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ኤዲተሯ ሳቀች። «አይ መምህር፣ ሲወርድ ጭቃ ላይ ስለወደቀ ቆርጬው ነው» አለች። ጭቃውን ቆረጠችው! የሰኔን የደብረ ታቦር ጭቃ፣ የዚያን ክሊፕ ብቸኛ እውነት!

የተማሪ ድግስ የሆድ የሚነገርበት መድረክ ሆኖ ያውቃል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር፤ የግጥም ውድድሩም የዕለቱ ዋና ነገር ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ስለ ድህነት የጻፈ ብዙ ሰው አለ። የታምሩ ብልኃት ርዕሱ ላይ ነው፤ ተናጋሪው ደሃው ራሱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡትም በዚያው መድረክ እየባሱ ሄዱ፤ ዋጋም ከፈሉበት። እኔ የዛሬዎቹን ልጆች እንደነዚያ ሁኑ አልላቸውም። ጊዜው ያው እንደምታውቁት ነው፤ የሰው ልጅ ላይ የማልሸከምለትን ሸክም አልጭንም። ግን ግጥም ማለት አንድ የሆነ ሰው አንድ የሆነ ነገር ሲል ነው። ይህን ለማወቅ አብዮት አያስፈልግም።

ደግሞስ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደን? ደብረ ታቦር የከተማ ስም ብቻ አይደለችም፤ ነሐሴ 13 የሚውል በዓልም ናት። ያ በዓል በአብነት ትምህርት ቤት የተማሪዎች በዓል ነው። የቆሎ ተማሪው በዓሉ ሳይደርስ ከመንደሩ እህል ይለምናል፤ ጠላ ይጠምቃል፤ ዳቦ ይደፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ያን የሰጠውን ሰው ራሱን ጠርቶ ይጋብዘዋል። (ስፖንሰር ይሏችኋል ይኼ ነው።) የደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ የዚያ ተማሪ አገር ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ዙር አምባ ይወጣል፤ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ሳይታሰብ ምርቃት ነበረ ማለት ነው።

በዚያው በዓል፣ በቡሄ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አይታችኋል። አውራጁ ዱላውን መሬት እየመታ በር ላይ ይቆምና ያያል። የቤቱ ጌታ ማነው? አጥሩ አዲስ ነው ወይስ ያዘመመ? እመቤቲቱ ፈገግ ብላለች ወይስ ተኮሳትራለች? ያየውን ወዲያው ግጥም ያደርገዋል፤ ተቀባዮቹ ይቀበሉታል። ያላየ አውራጅ፣ ስም ያልጠራ አውራጅ ሙልሙል አያገኝም። አዝማሪውም እንደዚሁ ነው። አጠገባችሁ መጥቶ መሰንቆውን ሲገዘግዝ ጆሮው የሚፈልገው የእናንተን ስም ነው፤ ከጎናችሁ ያለው ጓደኛችሁ ሹክ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ማምለጫ የላችሁም። የዚህ አገር ዘፈን ሕጉ ይኼ ነው፤ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው አይተህ ስሙን ትጠራለህ። የክሊፑ ዘፋኝ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ ካሜራውን ነው የሚያየው። ጓደኞቹ ከኋላው ይጨፍራሉ እንጂ አይቀበሉትም። ሃምሳ ልጅ ባለበት ዘፈን አንድ ተቀባይ መጥፋቱ ገርሞኛል።

እንዲህ ስል ክሊፑ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ቦታ አለው። የመጀመሪያው የባህል ልብስ ቀኑ ነው። እንደዚህ ያለው ትዕይንት ብዙውን ጊዜ የኤግዚቢሽን አሻንጉሊት ነው የሚመስለው፤ ሁሉም የተከራየውን ለብሶ በተራ ይሰለፋል። እዚህም ይሰለፋሉ። ከመካከላቸው ግን ከወላይታ የመጣ አንድ ልጅ አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ክረምቱም ገብቷል። ልጁ የአገሩን ልብስ ከታች፣ የደብረ ታቦርን ጋቢ ከላይ ደርቦ ወገቡን ያወዛውዘዋል። ዳይሬክተሩ ጋቢውን እንዲጥል ለምኖት ነበር አሉ። «አራት ዓመት ያሞቀኝን ዛሬ አውልቄ ልጥለው?» ብሎ እምቢ አለ። ያንን ጋቢ የተመለከተ ሰው ስለ አራቱ ዓመት ከሃያ ሁለቱ ስንኝ ይልቅ ብዙ ያውቃል።

ሁለተኛው ሦስት ደቂቃ ከአርባ ላይ ነው። የጉና ሥር አገር የገብስና የድንች አገር ነው። ግቢው በር ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የማስታጠቢያ የምታህል ሰሃን፣ በላስቲክ የተሸፈነች፣ ከጎኗ አንዲት በርጩማ። አንዷ ተመራቂ ጋዎኗን አውልቃ ታለብሳታለች፤ ቆቡንም ከሻሿ በላይ ትደፋላታለች። ሴትዮዋ ጨርቁን ከመንካቷ በፊት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። አራት ሰከንድ! ወዲያው የተከራዩት መኪና ይመጣል፤ በመስኮቱ ወጥተው መጮህ ይጀምራሉ።

«ለምን አራት ሰከንድ ብቻ?» አልኩ።

«አራቱንም ያስቀረሁት ተጣልቼ ነው» አለች ኤዲተሯ። ሌሎቹ ለክሊፑ አይሄድም ብለው ነበር። ከመኪናው ጋር አይሄድም። እሱስ እውነታቸውን ነው፤ አይሄድም።

«ስሟ ማነው?»

«እትዬ ነው የምንላት።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩሽ።»

ዝም አለች። ከዚያ ነገሩን አወጋችኝ። ሴትዮዋ ለተማሪው በዱቤ ትሰጣለች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የዱቤውን ደብተር የሚጽፈው ተበዳሪው ራሱ ነው፤ ድንቹን ይበላና ስሙንና ዕዳውን በእጁ ጽፎ ደብተሩን ይመልስላታል። ብር ከቤት ሲላክለት መጥቶ ይሰርዛል። በ2013 ክረምት ከተማዋ ስትደበደብ የሸሸውም ተመልሶ ሲመጣ እንደዚሁ። ልብ በሉ፤ የዚያ ባች ሙሉ ስም፣ በየራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ እሷ ዘንድ አለ። የእሷ ስም እነሱ ዘንድ የለም። በቀለም ከታተመው የጂሲ መጽሔት ይልቅ ያንን ደብተር ባየሁ እወድ ነበር።

ሁሌም የሚቀርብ መከላከያ አለ፤ ገንዘብ አልነበረንም የሚል። የጎንደሩን ልጅ ኃይሌ ገሪማን አስታውሱ። አሜሪካ የፊልም ተማሪ ሳለ፣ በ1966 ዓ.ም. አገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲቀርጽ በእጁ የነበረው የጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ጥቂት ቀንና አብዛኞቹ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ያ ካሜራ ገበሬ ፊት ላይ ሲያርፍ አይቸኩልም፤ አንዳንዴ ተመልካቹ እስኪቁነጠነጥ ድረስ ይቀመጣል። ኃይሌን ኃይሌ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ አለመቸኮል ነው። አለመቸኮል ደግሞ ኪራይ የለውም። እነዚህ ልጆች ለመኪናው ኪራይ ያወጡትን ገንዘብ ድንች ሻጯ ዘንድ ማውጣት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብለው ካሜራውን መክፈት ብቻ።

ፖስተሩ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ስምንት ፊት ተደርድሯል፤ ትልቁ የዘፋኙ፣ ከዚያ በየደረጃው፤ የዘመቻ ሽልማት የሚቀበሉ መኮንኖች ነው የሚመስሉት። ከኋላቸው ያው የፋሲል ግንብ። ከጽሑፉ ሁለት ሦስተኛው እንግሊዝኛ ነው። ከሥር አሥራ አንድ ስፖንሰር ከነስልክ ቁጥሩ፤ ቡቲኩ፣ ካፌው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ። ስፖንሰር መኖሩን አልነቅፍም፤ ከደሃ ከተማ ነጋዴ ብር አውጥቶ ለተማሪ መስጠቱ ራሱ ደግነት ነው። ግን ክሊፑ ውስጥ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል መሰንቆ የሚመታ አንድ አዝማሪ አለ። በዘፈኑ ውስጥ ካለው ድምፅ በእጅ የተመታው የእሱ ብቻ ነው። አምጥተውታል፣ ከፍለውታል፣ ቀርጸውታል፤ ስሙ ግን ፖስተሩም ላይ፣ ክሊፑ መጨረሻም ላይ የለም። የኬክ ቤቱ ስልክ አለ፤ ኬኩ አልታየም። በካሴት ዘመን እንኳ፣ ያ ሁሉ ስርቆትና ቅጅ በበዛበት ዘመን፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ እናነብ ነበር። በዚህ በኩል ወደ ኋላ ሄደናል።

ፖስተሩ አናት ላይ በቀይ «በቅርብ ቀን» ይላል። ክሊፑ በነሐሴ እንዲወጣ ነበር የታሰበው፤ ነሐሴ ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ክሊፑ ጠፍቶ ፖስተሩ ብቻ አውቶቡስ ተራው አካባቢ ግድግዳ ላይ ቀረ። ዝናቡ ስምንቱን ፊት አጥቦ ሲጨርስ ቀዩ ጽሑፍ ቆይቶ ነበር አሉ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ አውቶቡሱ ሲቆምና ሲነሣ፣ ከተማዋ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ «በቅርብ ቀን» እያለ። እንዲህ ያለውን የማስታወቂያ ጽሑፍ አስቦ የሚጽፈው ሰው የለም።

መጽሔቱን ለማሳጠር ልሞክር። መጽሔት ሲሉት የእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶና ከሥሩ «ላስት ወርድ» የሚሉት የስንብት ቃል ነው። አብዛኛው ከኢንተርኔት የተለቀመ ቀልድ ነው፤ አንዱን ቀልድ አራት ልጆች ተጋርተውታል። ሆኖም ከመካከሉ ድንገት የሚያስቆማችሁ አለ። አንዱ በሬውን ሸጦ ላስተማረው አጎቱ ይጽፋል፤ የበሬውን ስም ጭምር። አንዷ ምንም አልጻፈችም፤ የእናቷን ስምና አንድ ቀን ብቻ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ፎቶ ከሻማ ጋር አለ፤ ምን እንደሆኑ አልተገለጸም፤ ባቹ ያውቃል። ክሊፑ የፈራውን ነገር መጽሔቱ በዚህ መንገድ፣ ሳያስበው፣ ነክቶታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ብቻውን ነበር የጻፈው፤ ኮሚቴ አላየለትም። እኔ ግጥሙን እንዲጽፍ የማዘው የበሬውን ስም የጻፈውን ልጅ ነበር።

እንደ ተማሪ ወረቀት አርመው ስለተባልኩ ማርኩን ልስጥ። ካሜራ፣ ቢ ፕላስ፤ ልጁ ብርሃን ያውቃል። ኤዲት፣ ኤ ማይነስ፤ ጭቃውን ባትቆርጠው ኤ ነበር። ድምፅ፣ ቢ። ግጥም፣ ሲ፤ እሱም ለልጆቹ ድካም ስል። ፖስተር ላይ ግን ማርክ አልሰጠሁም፤ «ኢንኮምፕሊት» ብዬ ነው የጻፍኩት። አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪ ይህችን ቃል ከ«ኤፍ» እኩል ይፈራት ነበር፤ ትርጉሟ ግን የጎደለውን ሞልተህ ና ነው። እዚህ የጎደለው ሁለት ስም ነው፤ የመሰንቆ መቺውና የድንች ሻጯ። የክሊፑ ዋና ፋይል እስካሁን ኤዲተሯ እጅ ላይ አለ። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር መጨመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አራቱን ሰከንድ ወደ አርባ ማስረዘምም ቢሆን ቀረጻው ሙሉው ስላለ ይቻላል።

የአዝማሪውን ስም አንዱ ጓደኛቸው ያውቀዋል አለችኝ። የእትዬን ግን ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ስልክ የላትም። ከባቹ ደብረ ታቦር የቀረ አንድ ልጅ አለ፤ የመውጫ ፈተናውን በድጋሚ ተፈትኖ አልፎ ሥራ ይጠብቃል።

«እሱን ላኪዋ» አልኳት።

«እሱማ በዚያ በር አያልፍም መምህር» አለች፤ «የስልሳ ብር ዕዳ አለበት።»